ለተጎታች ፍሬን መቆጣጠሪያ የሚሆን የኃይል ሬዚስተር፦ መግዛት ወይስ መሥራት?

ቀላል ተጎታች በአሮጌ የኤሌክትሪክ ፍሬን መቆጣጠሪያ የሚጎትት ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ችግር፣ ፔዳሉ ገና ሲነካ የተጎታቹ ጎማዎች ተቆልፈው መንሸራተታቸው ነው። መቆጣጠሪያው የሚልከው ከረንት ለከባድ ጭነት የተመጠነ ስለሆነ፣ በፍሬኑ መስመር ላይ በተከታታይ የሚገባ የኃይል ሬዚስተር (ከረንትን የሚገታና ኃይልን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ) ትርፉን ይቀንሳል። ነገር ግን አዳዲሶቹ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎች ከረንቱን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ስለሚመጥኑና ኃይሉን ማስተካከያ ማዞሪያ ስላላቸው፣ በእነርሱ ላይ ሬዚስተር መጨመር ሌላ የብልሽት ምክንያት ከመፍጠር አያልፍም። ስለዚህ መጀመሪያ የያዙት መቆጣጠሪያ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ።

ስሌቱ የሚጀምረው በተጎታቹ ጎማዎች ውስጥ ፍሬኑን ከሚያስይዙት የኤሌክትሪክ ማግኔቶች ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ የተለመደ የፍሬን ማግኔት 3 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ይህም 4 ኦም (ኦም ከረንትን የመግታት መለኪያ ነው) ያህል ነው ማለት ነው። ማግኔቶቹ በትይዩ ስለሚያያዙ ሁለቱ በአንድነት 2 ኦም፣ አራቱ ደግሞ 1 ኦም ይሆናሉ። ሁለት ማግኔት ባለው ተጎታች መስመር ላይ 1 ኦም ሬዚስተር ቢገባ ድምሩ 3 ኦም ስለሚሆን፣ ከረንቱ ከ6 ወደ 4 አምፔር ይወርዳል። አራት ማግኔት ላለው ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጠው 0.5 ኦም ሲሆን፣ ከረንቱን ከ12 ወደ 8 አምፔር ያወርደዋል።

ብዙ ሰው ኦሙን በትክክል አስልቶ ዋቱን ይረሳል፤ ሬዚስተሩን የሚያቃጥለው ግን ይኸው የተረሳው ነው። ከረንቱን በራሱ አባዝተው በኦሙ ሲያባዙት፣ በመጀመሪያው ምሳሌ 16፣ በሁለተኛው 32 ዋት ሙቀት ይወጣል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ሲሞላ ቮልቴጁ ወደ 14 ስለሚጠጋ፣ እነዚህ ቁጥሮች ወደ 22 እና 44 ያድጋሉ። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሞ ስለሚያዝ፣ «ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው» ብሎ ዋቱን ማሳነስ አያዋጣም። እኔ ከስሌቱ እጥፍ የሚሸከመውን እመርጣለሁ፤ ይኸውም ለመጀመሪያው 50 ዋት፣ ለሁለተኛው 100 ዋት ነው።

ለመግዛት የወሰነ ሰው በአሉሚኒየም ሽፋን ውስጥ የታሸገውን የሽቦ ጥምጥም ሬዚስተር ይፈልግ። በላዩ የተጻፈው ዋት የሚሠራው በቂ ስፋት ባለው ብረት ላይ ሲታሰር ብቻ ነው፤ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ አቅሙ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። የሚፈለገው ልክ ካልተገኘ፣ ሁለት ባለ 1 ኦም 50 ዋት ሬዚስተሮች በትይዩ ሲያያዙ 0.5 ኦም እና 100 ዋት ይሰጣሉ። ተንሸራታች ቀለበት ያለው የሴራሚክ ቱቦ ሬዚስተር ከተገኘ ደግሞ ልኩን እየሞከሩ ማስተካከል ስለሚያስችል ከሁሉም ይሻላል። ቀለበቱ ግን የሽቦውን ከፊል ብቻ ሲያሠራ፣ የሚሸከመው ዋትም በዚያው መጠን እንደሚቀንስ አይዘንጋ።

በእጅ ለመሥራት የሚያስፈልገው ኒክሮም (የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ) ሽቦ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ ኒክሮም በአንድ ሜትር 1.4 ኦም ገደማ ስላለው፣ ለ0.5 ኦም 36 ሳንቲሜትር ይበቃል። እንዲህ ያለ አጭር ሽቦ ግን ክፉኛ ይግላል። በምትኩ እያንዳንዳቸው 71 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ሽቦዎችን በትይዩ ቢያደርጉ ኦሙ ያው ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ላይ የሚያርፈው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ሽቦው በሴራሚክ ላይ፣ ዙሮቹ ሳይነካኩ ይጠምጠም፤ ጫፎቹም በብሎንና በሮንዴላ ይጥበቁ። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ ጫፎቹን በካውያ በየድኋቸው፤ ሊዱ ኒክሮሙን በደንብ አልያዘም ነበርና በሙከራው ላይ ቀልጦ ተንጠባጠበ፣ ተጎታቹም ያለ ፍሬን ቀረ። ባዶ ሜዳ ላይ መሆኑ በጀኝ።

እንዲህ ያለ ትንሽ ኦም በተራ ቴስተር በቀጥታ አይለካም፤ የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸው ጥቂት አሥረኛ ኦም ስላላቸው ንባቡን ያዛባሉ። ሬዚስተሩን ከመኪና የፊት መብራት አምፖል ጋር በተከታታይ ከባትሪ አገናኝተው ከረንቱንና በሬዚስተሩ ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ ይለኩ። 4 አምፔር እያለፈ 2 ቮልት ካነበቡ፣ ሬዚስተሩ 0.5 ኦም ነው።

ሬዚስተሩ የሚገባው በጎታቹ ተሽከርካሪ ላይ፣ በመቆጣጠሪያውና በተጎታቹ መሰኪያ መካከል ነው። ተጎታቹ ቢፈታ በራሱ ባትሪ ፍሬን የሚያስይዘው የድንገተኛ ማብሪያ ግን ሙሉ ኃይል ማግኘት ስላለበት፣ መስመሩ በምንም መልኩ በሬዚስተሩ በኩል ማለፍ የለበትም። ቦታው አየር የሚያገኝ፣ ከነዳጅ መስመር፣ ከፕላስቲክና ከገመድ ጥቅል የራቀ ይሁን፤ በእጅ ሥራ በተሠራው ላይም ቀዳዳ ያለው የላሜራ ሽፋን ይደረግ።

ሙከራው በደረቅና ባዶ መንገድ፣ በዝግታ ይደረግ። ጎማዎቹ አሁንም የሚቆለፉ ከሆነ ኦሙን ትንሽ ይጨምሩ፤ ተጎታቹ ከኋላ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ይቀንሱ። ተጎታቹ ሲጫን ሙሉውን የፍሬን ኃይል ስለሚፈልግ፣ ከረንቱ በሬዚስተሩ በኩል ሳይሆን በቀጥታ እንዲያልፍ የሚያደርግ፣ ከረንቱንም የሚችል ማብሪያ አብሮ መግጠም ያስፈልጋል፤ ማብሪያውም «ባዶ» እና «ጭነት» የሚል ጽሑፍ ይኑረው።