ዲስክ ፍሬን ወይስ የቸርኬ ፍሬን? ለአዲስ አበባ ቁልቁለትና ክረምት

በደረቅ አስፋልት ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በብስክሌት ለሚወርድ ሰው ሁለቱም ፍሬኖች ይበቃሉ። በደንብ የተስተካከለ የቸርኬ ፍሬን ሥራውን ይሠራል። ልዩነቱ የሚታየው ሐምሌ ሲገባ ነው። የረጠበ ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት) ላይ ሸራው፣ ማለትም ቸርኬውን ጨብጦ የሚያቆመው ክፍል፣ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት። እጀታው ተጨብጦ ብስክሌቱ ግን እንደ ልቡ የሚሄድባት ያቺ አፍታ፣ ፊት ለፊትዎ ሚኒባስ ሰው ሊጭን ድንገት ሲቆም ብዙ ናት። ዲስኩ ግን የጎማው መሐል ላይ፣ ከኩሬው ራቅ ብሎ ስለሚዞር እርጥብም ሆኖ ቶሎ ይይዛል።

ታዲያ ሁሉም ዲስክ ይግዛ? አይደለም፤ መጀመሪያ የሚወስነው ቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) ነው። ለቸርኬ ፍሬን የተሠራ ቴላዮና የፊት ሹካ የዲስክ ፍሬን መቀመጫ የለውም። «በይጄ እገጥምልሃለሁ» የሚል ካጋጠመዎት እሺ አይበሉ፤ ሹካው ለዚያ ጫና አልተሠራም። የኋላው ጎማ መቀመጫ ስፋትም ይለያያል፦ በአስፋልት ብስክሌት በቸርኬ ፍሬኑ አብዛኛውን ጊዜ 130 ሚሊሜትር፣ በዘመናዊው ዲስክ 142 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ፍሬን መቀየር ማለት ብስክሌት መቀየር ማለት ነው።

ያለዎት ብስክሌት ደህና ከሆነ ጥሩ ሸራ ይግዙለትና ይንዱት። አዲስ የሚገዙና በክረምትም የሚነዱ ከሆነ ግን ዲስክ ይሻላል። ሰፋ ያለ ጎማ፣ 32 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚያስገባም ኮብልስቶን ላይ ለሚመላለስ ሰው ከፍሬኑ በላይ ይህ ያስደስተዋል። ከዲስክም በገመድ የሚሠራው ለከተማችን ይመቻል፤ ገመድ ማንም ጠጋኝ ይቀይረዋል። በዘይት የሚሠራው ለጣት ቀላል ነው፣ ግን አየር ሲገባበት ማስወጫ መሣሪያና ትክክለኛ ዘይት ይፈልጋል። የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው። ለመኪና የሚሸጠው የፍሬን ዘይት ዶት (DOT) የሚባለው ሌላ ዓይነት ስለሆነ እዚያ ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹን (የላስቲክ ማሸጊያዎቹን) ያሳብጣል፤ ፍሬኑም ይበላሻል። ጠጋኙ ጠርሙስ ሲያነሳ ጽሑፉን ያንብቡ።

የቸርኬ ፍሬን ሲያስተካክሉ ሸራውን የያዘውን ቡሎን ላላ ያድርጉ። ሸራው ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ፣ ከላይኛው ጠርዝ 1 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከፍ ካለ ጎማውን እየበላ ያፈነዳዋል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ሲያልቅ ጥርስ ያወጣና ወደ ሽቦዎቹ ይሾልካል። የሚጮህ ከሆነ ከሸራው የኋላ ጫፍ ሥር ወፈር ያለ ካርድ አስገብተው እጀታውን እንደጨበጡ ቡሎኑን ያጥብቁ። ካርዱ ሲወጣ የፊት ጫፉ ቀድሞ ይነካል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉ። ከዝናብ በኋላ ሸራውን ገልብጠው ይዩት፦ የተሰካ አሸዋና የሚያብረቀርቅ የብረት ፍርፋሪ ያገኛሉ። በመርፌ ይልቀሙት፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይሹት። ይህን የተወ ሰው ቸርኬውን እየሞረደ ነው የሚነዳው። ብዙ ቸርኬዎች ጎናቸው ላይ ማለቃቸውን የሚያሳይ ቀጭን ጎድጓዳ መስመር ወይም ነጥብ አላቸው፤ እሱ ከጠፋ፣ ወይም ጎኑ ላይ ያስደገፉት ማስመሪያ መሐሉ ጎድጎድ ማለቱን ካሳየ ቸርኬው ይቀየር፤ በጎማው ግፊት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዲስክ ላይ ጠላቱ ቅባት ነው። ካቴና በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ሲታጠብ ጠብታው ዲስኩ ላይ ካረፈ ፍሬኑ ይጮሃል፣ አይይዝም። ዲስኩን በንጹህ ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይድንም፣ ይቀየራል። የጣት ላብም ቅባት ነውና ዲስኩን በእጅ አይንኩ፤ ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ደግሞ ያቃጥላል።

ሸራው ዲስኩን እየነካ «ሽ ሽ» የሚል ድምፅ ካለና ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ፣ የሸራዎቹን መያዣ ከቴላዮው ጋር ያሰሩትን ሁለት ቡሎኖች ያላሉ፣ እጀታውን አጥብቀው ይጨብጡ፣ እንደጨበጡ ተራ በተራ እያፈራረቁ ያጥብቁ። ሁለቱ ሸራዎች እኩል ስለሚገፉ መያዣው ራሱ መሐሉን ያገኛል። በገመድ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ላይ ግን የሚንቀሳቀሰው የውጭው ሸራ ብቻ ነው፤ የውስጡን በማስተካከያው እያዞሩ ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ያስጠጉ። ካልሆነ ዲስኩ ይጣመማል፣ እጀታውም መሪው ጋ ይደርሳል።

የሺማኖ ዲስክ አዲሱ 1.8 ሚሊሜትር ነው፤ 1.5 ሲደርስ ይቀየራል። ሸራው 0.5 ሚሊሜትር ሲቀረው እንዲሁ። የብረት ሸራ የክረምት ጭቃን ከሬዚን (ከሙጫ ከተሠራው ሸራ) በተሻለ ይቋቋማል፣ ግን «ለሬዚን ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዲስክ ላይ አይግጠሙት። አዲስ ሸራ ወዲያው አይይዝም፦ ሜዳ ላይ በሰዓት ወደ 25 ኪሎሜትር ይንዱና ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ወደ እግር ጉዞ ፍጥነት ያውርዱት፣ 15 ወይም 20 ጊዜ ይደጋግሙት። ይህ ሳይደረግ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ አይውረዱ።

በዘይት የሚሠራውን ብስክሌት መኪና ላይ ለመጫን ጎማውን ካወጡ፣ በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን ያስገቡ። ጎማ በሌለበት ማንም እጀታውን ከነካ ሸራዎቹ ይገጥማሉ። ያኔ በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ቀስ ብለው ይክፈቷቸው፤ በካቻቪቴ ሸራውን ይቧጥጣሉ።