መኪናውን አይቶ ሰውየውን መገመት፦ በትውውቅና በትዳር ፍለጋ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ለፍቅርም ሆነ ለትዳር ስለታሰበ ሰው ሲጠያየቁ፣ ከሥራው ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከሥራው አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «መኪና አለው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚያስነውር አይደለም። በአገሪቱ የተመዘገበው ተሽከርካሪ፣ የጭነቱና የሕዝብ ማመላለሻው ሳይቀር ተደምሮ፣ ለመቶ ሰው አንድ ገደማ በሆነበት ሁኔታ፣ የግል መኪና መያዝ ኑሮን ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱ መሆኑ አይቀርም። ችግሩ የሚጀምረው ተመልካቹ ምልክቱን ከሚናገረው በላይ ሲያነበው፣ ባለ መኪናውም ከአቅሙ በላይ እንዲናገርለት ሲጠብቅ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በሚነዳውም፣ አጠገቡ በሚቀመጠውም፣ ዳር ሆኖ በሚመክረውም ዘንድ የሚታዩ ናቸው።

መኪና ምንም ለውጥ አያመጣም ብሎ ራስን ማታለል

ይህ አባባል ጨዋነት ይመስላል እንጂ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክል ደንና ሮበርት ሰርል የተባሉ የዌልስ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ያው አንድ ወንድና ያችው አንዲት ሴት፣ አንድ ጊዜ ውድ በሆነው ቤንትሊ ኮንቲኔንታል ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ተራ በሆነው ፎርድ ፊየስታ ውስጥ ተቀምጠው ለተመልካቾች ቀርበው ነበር። ሴቶቹ ወንዱ ቤንትሊው ውስጥ ሲሆን ይበልጥ ማራኪ ነው አሉ፤ ወንዶቹ ግን ሴቲቱን በየትኛውም መኪና ውስጥ ቢያዩአት ግምታቸው አልተለወጠም።

ቤንትሊ በማይታይበት ከተማ ጉዳዩ በመኪናው ዓይነት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። መኪና ለሁለት ሰዎች የሚሰጠው ከክብሩ ይልቅ ጊዜ ነው። በክረምት ማታ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቃቸው ሁለት ሰዎች፣ ወሬው ገና ሲሞቅ አንደኛው ሰዓቱን አይቶ «ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ» ማለቱ የግድ ነው፤ መኪና ያለው ግን ሌላ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይችላል፤ በመመለሻው መንገድ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያገኛል። መኪና የሌለው ሰው ይህን አውቆ ቀጠሮውን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢያዞረውና ለሁለቱም ሰፈር የሚቀርብ ቦታ ቢመርጥ፣ የጎደለበትን አብዛኛውን ነገር ያካክሳል። ብዙዎች ይህን ከማድረግ ይልቅ «መኪና የሌለውን ማን ያየዋል» እያሉ ከቤት መቅረትን ይመርጣሉ።

ዓይን የሳበውን ሁሉ ለትዳር የሚያበቃ አድርጎ መቁጠር

እ.ኤ.አ. በ2011 ጂል ሰንዲና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት ከፊተኛው ጋር አብሮ ካልተነበበ ግማሽ እውነት ይዞ መቅረት ነው። በዚያ ጥናት ውዱን ፖርሽ ቦክስተር የገዛው ሰው ተራውን ሆንዳ ሲቪክ ከገዛው ይልቅ ለቀጠሮ ተፈልጓል፤ ለትዳር ግን ብልጫ አላገኘም። ሴቶቹ ለታይታ የወጣውን ገንዘብ የተረጎሙት የአጭር ጊዜ ግንኙነት ፍላጎት ምልክት አድርገው ነበር። ይህን የእኛ ሰው ያለ ጥናት ያውቀዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ሽማግሌ የተላከበት ቤት አባትና እናት የሚጠይቁት ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሥራውና ስለ ጠባዩ ነው፤ መኪናው ከበር ቆሞ ይጠብቃል።

በመኪናው የባለቤቱን ኪስ መለካት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ የመኪና ዋጋ የባለቤቱን አቅም ከሚናገረው ይልቅ የግብሩን ታሪክ ይናገራል። የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ ታክስ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ ስለሚሰሉ፣ በሌላ አገር ተማሪ የሚነዳት አሮጌ ቪትዝ እዚህ የአንድ ደመወዝተኛን የብዙ ዓመት ገቢ ትጠይቃለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ይበልጥ ካስወደደ በኋላ ደግሞ፣ ቀደም ብሎ የገባ መኪና በእጁ የነበረ ሰው ሁሉ ምንም ሳይሠራ ሀብቱ ጨመረ። አባቱ ከሃያ ዓመት በፊት የገዙትን ኮሮላ የሚነዳ ወጣትና ያንኑ ኮሮላ አምና በራሱ ገንዘብ የገዛ ወጣት መንገድ ላይ እኩል ናቸው፤ ገቢያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉና የኤሌክትሪክ መኪኖች የግብር እፎይታ ማግኘታቸው ግምቱን ይበልጥ አዛብቶታል። ወንበሯ ላይ ያለው ላስቲክ ገና ያልተላጠ አዲስ ቢዋይዲ፣ ቀለሙ ከደበዘዘ አሮጌ ራቭ ፎር ባነሰ ዋጋ ሊገኝ በሚችልበት ገበያ፣ ብልጭልጩን አይቶ «ሀብታም ነው»፣ የደበዘዘውን አይቶ «ደኽይቷል» ማለት ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው።

ታርጋውም መነበብ አለበት። ለረጅም ዓመታት በለመድነው አሠራር ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድና የድርጅት፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት ነው። ኮድ 4 ላንድክሩዘር የሚያሽከረክር ሰው የሚያሽከረክረው የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ነው፤ ሹመቱ ሲነሣ ቁልፉም ይመለሳል። ኮድ 3 የሆነ ንጹሕ ሱዙኪ ዲዛየር የሚነዳ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሜትር ታክሲ የሚተዳደር ነው። እዚህ ላይ የነጂውም ስህተት አለ፤ ሥራውን «የግል ሥራ» በሚል ስም ይሸፍነዋል፤ ቡና እየጠጡ ሳሉ ስልኩ የደንበኛ ጥሪ ሲያስጮህ ድምፁን ለመዝጋት ይሯሯጣል፤ ልጅቷም ድምፁን ታውቀዋለች፤ ትናንት የተሳፈረችበት መኪና ውስጥ የሰማችው ነውና። «ራይድ» ወይም «ፈረስ» በተባሉት የታክሲ ጥሪ አገልግሎቶች ሠርቶ መኪናውን ከዕዳ ያወጣ ሰው ያንን በግልጽ ቢናገር፣ በእኔ ግምት፣ ከአብዛኛው ኮድ 2 የተሻለ ወሬ አለው።

የሰው መኪና ይዞ መቅረብ

ከወንድም ወይም ከጓደኛ መኪና ተውሶ መሄድ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የራስ አስመስሎ መሄድ ነው። ነገሩ ደግሞ ከሚታሰበው በፍጥነት ይታወቃል። ነዳጅ ማደያ ሲደርስ ቀጂው «ክፈትልኝ» ይለዋል፤ እርሱም የታንኩን ክዳን የሚከፍተውን እጀታ ከወንበሩ ሥር ሲፈልግ ኮፈኑን ይከፍተዋል። ዝናብ ሲጥል መጥረጊያውን ፈልጎ ፍሬቻ ያበራል። ልጅቷ ከፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ናፕኪን ስትፈልግ የማታውቀው ሰው ፎቶና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሌላ ሰው ስም ታገኛለች። ስለ መኪናው ምንም ያልተጠየቀ ሰው ስለ መኪናው ምንም የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ሲገናኙ «የወንድሜ ናት፣ ዛሬ ሰጥቶኝ ነው» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ኋላ ከሚመጣው ረጅም ማብራሪያ ሁሉ ያድናል።

«በር ድረስ ላድርስሽ» ብሎ መወትወት

ባለ መኪና ወንዶች በደግነት የሚፈጽሙት፣ ነገር ግን ብዙ የሚያስከፍላቸው ስህተት ይህ ነው። ከቤተሰቧ ጋር የምትኖር ልጅ «አስፋልቱ ላይ አውርደኝ» ስትል ንቀት ወይም መሸሽ አይደለም። የሰፈሩ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ወጣቶች፣ በር ላይ ቡና የሚያፈሉ ጎረቤቶችና የግቢው ዘበኛ የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ይዘው ማታውኑ ለቤተሰቡ እንደሚያደርሱት ስለምታውቅ ነው። ታክሲ ይዞ የሚመጣው ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ ሳይታይ ይመጣል፣ ሳይታይ ይሄዳል። መኪና ገና ያልተወሰነውን ግንኙነት በሰፈሩ ፊት የተወሰነ ያስመስለዋል። ስለዚህ የተባለው ቦታ ላይ ማቆም፣ ገብታ እስክትሰወር መብራቱን አጥፍቶ መጠበቅም ቢሆን ካልፈለገችው አለመጠበቅ ነው የሚበጀው።

ለሴቶች ደግሞ ሌላኛው ገጽ አለ። በስልክ ብቻ ከሚታወቅ ሰው ጋር የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ መኪና ውስጥ መግባት፣ መኪናው ምንም ያህል ቢያምር፣ መቸኮል ነው። ካፌ ውስጥ ተገናኝቶ በየራስ መንገድ መመለስ ማንንም አያስቀይምም፤ የሚቀየም ካለም በጊዜ መታወቁ ጥሩ ነው። መሳፈር ግድ ከሆነ የታርጋውን ቁጥር ለእህት ወይም ለጓደኛ በመልእክት መላክ ጥቂት ሴኮንዶችን ብቻ ይወስዳል።

ሴቷ መኪናዋን መደበቋ፣ ወንዱም ከመኪናዋ መሸሹ

የራሳቸው መኪና ያላቸው ሴቶች ቁጥር በአዲስ አበባ እየጨመረ ነው፤ ይሁንና ትውውቅ ላይ መኪናቸውን ሁለት መንገድ ርቀው አቁመው በእግራቸው የሚመጡ አሉ። ምክንያታቸው የታወቀ ነው፤ «መኪና አላት፣ ለእኔ አትሆንም» ብሎ የሚያፈገፍግ ወንድ አጋጥሟቸዋል፤ አለዚያም «ማን ገዛላት?» የሚል ጥያቄ ሰምተዋል። የመጀመሪያው ሰው ያለመኪናዋም ቢተዋወቃት ደመወዟን ባወቀ ቀን የሚሸሽ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥያቄውን ለወንድ ጓደኛው አንሥቶለት አያውቅም። መደበቁ ሁለቱንም ለጥቂት ሳምንታት ከማቆየት ያለፈ ጥቅም የለውም። በዚህ ረገድ ከላይ የጠቀስኩት የዌልስ ጥናት የሚያጽናና ነገር አለው፤ ወንዶቹ የሴቲቱን ማራኪነት በመኪናዋ አልጨመሩትም፣ አልቀነሱትምም።

ለትውውቅ ብሎ ዕዳ ውስጥ መግባት

በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የእቁብን ዕጣ ከሰው ገዝቶ፣ ከባንክና ከዘመድ ተበድሮ መኪና የገዛ ሰው ነዳጁን ወይም ጥገናውን ሲያቅተው መኪናው በር ላይ ቆሞ አቧራ ይለብሳል። በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው፤ እዚያ መኪና ለሥራ የግድ ስለሆነ መኪና መኖሩ ብቻውን ማንንም አያስደንቅም፤ ስለዚህ ወጣቱ በየወሩ የሚከፈልበት መርሰዲስ በሊዝ ይይዛል። ከአገር ቤት በቪዲዮ የምታየው እጮኛው መኪናው የእርሱ እንዳልሆነና ውሉ ሲያበቃ እንደሚመለስ የምታውቀው አሜሪካ ከደረሰች በኋላ ይሆናል።

ከጋብቻ በኋላ መኪናው የማን እንደሚሆን አለማወቅ

በመኪናው ተማርኮ ወይም በመኪናው ተማምኖ ትዳር ውስጥ የሚገባ ሰው ቢያንስ ሕጉን ማንበብ ይገባዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በአንቀጽ 57 ከጋብቻ በፊት የተያዘ ንብረት የግል ሆኖ እንደሚቀጥል ይደነግጋል። ስለዚህ ሊብሬው ከሠርጉ በፊት በእርሱ ወይም በእርሷ ስም የወጣ መኪና፣ ሌላው ወገን ለዓመታት ቢነዳውም፣ በጋብቻው ብቻ የጋራ አይሆንም። በተቃራኒው ከሠርጉ በኋላ የተገዛ መኪና ሊብሬው በአንዱ ስም ብቻ ቢወጣም፣ ባለ ስሙ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር በአንቀጽ 63 መሠረት የጋራ ሀብት እንደሆነ ይገመታል።

ብዙዎችን የሚያሳስቱ ሌሎች ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው፣ በአንቀጽ 62 መሠረት ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው፤ ከሠርግ በፊት የተገዛች መኪና የግል ብትሆንም፣ በሜትር ታክሲ ሠርታ ማታ ይዛ የምትገባው ገንዘብ የሁለቱ ነው። ሁለተኛው የሚመለከተው ከትዳር በፊት የነበረውን ቪትዝ ሸጦ በገንዘቡ ከሠርጉ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛን ሰው ነው። እርሱ «በራሴ ገንዘብ ገዛሁ» ብሎ ያምናል፤ በአንቀጽ 58 ግን አዲሱ መኪና የግሉ የሚሆነው ይህንኑ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ውሳኔ ሲያገኝ ነው። ያን ካላደረገ በመለያየት ጊዜ ቪትዟን የሸጠበትን ውል ይዞ መምጣቱ ብቻውን አይበቃውም፤ መኪናው በጋራ ሀብትነት ከሚከፋፈለው ንብረት ውስጥ ይቆጠራል።