ኤምቢኢ፣ ኤይት ኤ ምናምን ለምትሉ የዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ) ባለ ቢዝነሶች፦ አወጣጡ እንዲህ ነው

ጽዳት፣ ትራንስፖርት፣ አይቲ የምትሰሩ ሰዎች በየካፌው "ኤምቢኢ አውጣ፣ የመንግስት ኮንትራት ይዘንብልሃል" ሲባል ሰምታችኋል። ኤምቢኢም ኤይት ኤም የመንግስት ስራ ላይ የአናሳ ወገን ወይ የትንንሽ ድርጅቶችን የሚያግዙ ሰርቲፊኬቶች ናቸው። የዘነበለት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፣ እኔ ራሴ የጽዳት ድርጅቴን ሰርቲፋይ አስደርጌ የመጀመሪያዋን ስራ ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። ቢሆንም ይጠቅማል።

መጀመሪያ የቱን እንደምትፈልጉ ለዩ። የፌደራሉ ኤይት ኤ በኤስቢኤ (የፌደራሉ የትንንሽ ቢዝነስ መስሪያ ቤት) በኩል ነው፣ ለሲቲዝን ብቻ ነው ግሪን ካርድ አይበቃም፣ የግል ሀብታችሁም የምትኖሩበት ቤትና የድርጅቱ ድርሻ ሳይቆጠር ከ850 ሺህ ዶላር መብለጥ የለበትም። አንዴ ከገባችሁ 9 ዓመት ነው፣ ካለቀ ተመልሶ መግባት የለም፣ ስለዚህ ስራውን ሳትለምዱ ገብታችሁ ዓመቱን አታባክኑት። የሜሪላንዱ ኤምቢኢ የሚወጣው በስቴቱ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ነው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ይችላል። የዲሲው ሰርቲፊኬት ሲቢኢ ይባላል፣ ዘር አይጠይቅም፣ ዋና ቢሮአችሁ እዛው ዲሲ መሆኑን ነው የሚያየው። ቨርጂኒያ ደግሞ የራሷን ስዋም ይሉታል፣ ለትንንሽ፣ ለሴቶችና ለአናሳ ወገን ድርጅቶች ነው።

አንድ የተቀየረ ነገር አለ። ድሮ ኤይት ኤ ላይ ጥቁር መሆን ብቻውን እንደተበደላችሁ ያስቆጥር ነበር፣ ጁላይ 2023 ቴነሲ ያለ ፌደራል ፍርድ ቤት አስቆመው፣ ኦክቶበር 2025 ላይ ደግሞ የፌደራሉ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት የዲቢኢውን (በፌደራል ብር ለሚሰራ የመንገድና የትራንስፖርት ስራ የሚወጣውን ሰርቲፊኬት) እንደዚሁ አነሳው። በነዚህ በሁለቱ አሁን የራሳችሁን ታሪክ ነው የምትጽፉት፣ መቼ፣ የት፣ ማን ምን አደረገኝ፣ በዛ ምክንያት ምን አጣሁ። "ስደተኛ ነኝ ተቸግሬያለሁ" ወንዝ አያሻግርም። ከማመልከታችሁ በፊትም የዛን ሰሞኑን ሕግ እዩ፣ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን አመልካቹ ቢያንስ 51 በመቶ ይያዝ የሚለው ላይ ነው። ወረቀት ላይ ባለቤት መሆን አይበቃም፣ ስራውን የምትመሩት እናንተ መሆን አለባችሁ። ሚስት 51 ተብላ ትጻፋለች፣ ባል ቼክ ይፈርማል፣ ባል ዋጋ ይተምናል፣ ባል ሰው ይቀጥራል፣ ኢንተርቪው ላይ "አንድ ፎቅ ለማጽዳት ስንት ሰው ትመድቢያለሽ" ስትባል ዞር ብላ ባሏን ካየች አለቀ። ከኢንተርኔት የተቀዳ ኦፕሬቲንግ አግሪመንትም (የድርጅቱ መተዳደሪያ ውል) ጉድ ይሰራል፣ "ውሳኔ ሁሉ በሙሉ ስምምነት" የሚል ካለበት 49 ያለው ሰው ሁሉን ነገር ማገድ ይችላል ማለት ነው፣ በዛ ብቻ ይጥሏችኋል።

እኔን ያስጨነቀኝ ዕቁብ ነው። የጀመርኩት በደረሰኝ 18 ሺህ ዶላር ነበር፣ ባንክ ስቴትመንቴ ላይ 9 ሰው በአንድ ቀን በዜል ሁለት ሁለት ሺህ የላከው ተደርድሮ ይታያል። ፋይሌን የያዘችው ሴትዮ "እነዚህ 9 ሰዎች ባለድርሻ ናቸው ወይ?" አለችኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን ልክ ናት፣ ብሩ የሌላ ሰው ከሆነ ድርጅቱም የሌላ ሰው ሊሆን ይችላላ። ያዳነኝ የዕቁቡ ጸሐፊ ደብተር ነው፣ በስኪርቢቶ የተሰመረ፣ ዳሩ ቡና የፈሰሰበት። ገጾቹን አስተረጎምኩ፣ እኔ በየወሩ የከፈልኩትን ከራሴ ስቴትመንት አውጥቼ አያያዝኩ፣ ዕቁብ ምን እንደሆነ አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ አለፈ። ስለዚህ በዕቁብ ወይ በቤተሰብ ብር የጀመራችሁ ወረቀቱን ሳትጠየቁ አዘጋጁ።

ሌላው የተለመደው ነው፣ የ3 ዓመት ታክስ ሪተርን የግልም የድርጅትም፣ ሊዝ፣ ሪዙሜ። ታክስ ላይ ገቢ አሳንሳችሁ ማመልከቻው ላይ እንዳታሳድጉ፣ ጎን ለጎን አድርገው ነው የሚያነቡት።

እንዳትሸወዱም። ፌደራል ለምትሉ ሳም ዶት ጋቭ በሚባለው የመንግስት ድረገጽ ላይ መመዝገብ ግድ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ነጻ ነው። በተመዘገባችሁ ማግስት "ላድስልህ፣ ይሄን ያህል መቶ ዶላር" የሚል ስልክ ይጎርፋል፣ ዝጉት። እርዳታ ከፈለጋችሁ ኤፔክስ አክስለሬተር የሚባል አለ፣ በነጻ ቁጭ ብለው ያግዟችኋል።

ሰርቲፊኬቱ ከመጣ በኋላ ቤት ቁጭ ካላችሁ ማንም አይደውልም። ሜሪላንድ ከኮንትራት ብሩ ለኤምቢኢዎች እንዲደርስ ያስቀመጠው ጠቅላላ ግብ 29 በመቶ ስለሆነ ትልልቆቹ ኮንትራክተሮች ኤምቢኢ ይፈልጋሉ፣ ግን ካላወቋችሁ አይጠሯችሁም። የሜሪላንድ ጨረታ የሚወጣበት ኢማ የሚባል ድረገጽ ላይ ተመዝገቡ፣ ከጨረታው በፊት የሚደረገውን ፕሪ ቢድ ስብሰባ ሂዱ፣ እዛ የመጡትን ፕራይም (ዋናውን ኮንትራት የሚይዙ) ካምፓኒዎች ካርድ ሰብስቡ፣ በማግስቱ ኢሜይል አድርጉ። ስሞል ቢዝነስ ሪዘርቭ የሚባለውን፣ ሜሪላንድ ለትንንሽ ድርጅቶች የለየችውን ጨረታም አትርሱት፣ ኦንላይን ሞልታችሁ ትጨርሱታላችሁ፣ የምትወዳደሩትም ከትንንሾች ጋር ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን ስራ ስታገኙ ደግሞ ኢንቮይስ ከላካችሁ በኋላ አንድ ወር ገደማ ትጠብቃላችሁ፣ ሰራተኛው ግን በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚከፈለው፣ የሁለት ፔይሮል ብር ሳትይዙ አትፈርሙ።