የፈንገስ ሕመምን በሰም ትል ላይ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ንብ የሚያነቡ ገበሬዎች የሰም ትልን የሚያውቁት በክፉ ነው፤ ከተዳከመ ቀፎ ገብቶ እንጀራውን ይቦረቡራል፣ ድሩን ያደራል፣ ንቦቹንም ያስኮበልላል። ይኸው ትል፣ ማለትም ጋለሪያ ሜሎኔላ የተባለችው የእሳት ራት እጭ፣ እንደ ካንዲዳ፣ አስፐርጊለስና ክሪፕቶኮከስ ያሉ በሽታ አምጪ ፈንገሶች ከሚጠኑባቸው ትንንሽ የቤተ ሙከራ እንስሳት አንዱ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ በመርፌ ለመውጋት አያስቸግርም፤ አይጥ ለማርባት አቅም ለሌለው ቤተ ሙከራም ይመቻል። ሆኖም ርካሽ በመሆኑ ይናቃል፤ ለአይጥ የማይቀር ጥንቃቄ ለእርሱ ይቀራል። በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ይህን ሥራ የሚጀምሩ ተማሪዎችና ባለሙያዎች በተለይ የሚከተሉትን ቢያስተውሉ ይበጃል።

ብዙዎች በቅድሚያ የሚስቱት ትሉን ከቀፎ ለቅመው በቀጥታ ለሙከራ ሲያውሉት ነው። ከቀፎ የወጣ ትል ዕድሜው አይታወቅም፣ ከዚህ ቀደም ምን ዓይነት ተሕዋስ እንዳገኘው አይታወቅም፣ አንዳንዴም ከእርሱ የሚያንሰው ሌላው የሰም ትል ዝርያ አብሮ ተቀላቅሎ ይገኛል። ከቀፎ የሚገኘው ትል ለዘር ብቻ ይዋል። ከዚያ በፉርሽካ፣ በማር፣ በግሊሰሮልና በጥቂት ሰም በተዘጋጀ ምግብ፣ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ጨለማ ቦታ ማራባትና ከሚቀጥለው ትውልድ ክብደታቸው የተቀራረበውን፣ ለምሳሌ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ያሉትን፣ መምረጥ ይገባል። ፕላስቲክና እንጨት በስቶ ስለሚወጣ ዕቃው ብርጭቆ፣ ክዳኑም የብረት ወንፊት ይሁን። የእርባታው ክፍል ከንብ ማነቢያ መራቁም ግዴታ ነው፤ ያመለጠች አንዲት የእሳት ራት የጎረቤትን ቀፎ ልታጠፋ ትችላለችና።

በእኛ አገር ከሁሉ ይልቅ ውጤት የሚያበላሸው የሙቀት ጉዳይ ነው። የሰም ትል ከሌሎቹ ትንንሽ እንስሳት የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰው ገላ ሙቀት፣ መቆየት መቻሉ ነው፤ በጥናት የታወቀው ክብ ትል ሲኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስም ሆነ የፍራፍሬ ዝንብ ይህን ሙቀት ለረጅም ጊዜ አይችሉም። በአፈርና በእንጨት ላይ የሚኖሩ አብዛኞቹ ፈንገሶች በ37 ዲግሪ ስለማይበቅሉ፣ አንድ ፈንገስ ለሰው አደገኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሙቀት ተነጥሎ ሊመለስ አይችልም። እንግዲህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችውና በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱን ውርጭ በሚመታት ደብረ ብርሃን፣ የተወጉትን ትሎች «በክፍሉ ሙቀት» ጠረጴዛ ላይ አሳድሮ ውጤት መመዝገብ ምንም አይነግረንም።

ከመርፌው በፊት ያለው ሙቀትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ለ24 ሰዓት በ4 ወይም በ37 ዲግሪ የቆዩ ትሎች የደም ሕዋሶቻቸው በዝተው ካንዲዳን የበለጠ ሲቋቋሙ ታይቷል፤ በምግብ እጦት የቆዩት ደግሞ በተቃራኒው ይዳከማሉ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥተው በጣርማ በር በኩል ደጋ የገቡ ትሎች በአንድ ቀን ውስጥ ምን ዓይነት የሙቀት ለውጥ እንደሚያልፉ ማሰብ ነው። ስለዚህ ሁሉም ቡድኖች አንድ ዓይነት አቆያየት ይኑራቸው፤ መብራት በተቋረጠ ቁጥር የኢንኩቤተሩ፣ ማለትም ትሎቹን በአንድ ሙቀት የሚያቆየው ሣጥን፣ ሙቀት የት ድረስ እንደወረደ የሚያሳይ፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ውስጡ ይቀመጥ።

ከፍታው ሌላም የተሸሸገ ጣጣ አለው። ውኃ እዚህ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ሲጠጋ ስለሆነ መርፌንና ዕቃን በማፍላት ብቻ ማጽዳት አያስተማምንም። አውቶክሌቩም፣ ማለትም ዕቃን በታመቀ እንፋሎት የሚቀቅለው መሣሪያ፣ የሚመራው በግፊት መለኪያው ብቻ ከሆነ፣ በባሕር ወለል 121 ዲግሪ የሚሰጠው የ15 ፒኤስአይ ግፊት እዚህ 116 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ መታየት ያለበት ግፊቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። በደንብ ባልተቀቀለ የጨው ውሕድ የተወጋ ትል በባክቴሪያ ይሞትና ሞቱ በፈንገሱ ይሳበባል።

ይህን የሚያጋልጠው የማነጻጸሪያ ቡድን ነው፤ እርሱን ማሳነስም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ምንም ያልተነካ ቡድን፣ ንጹሕ የጨው ውሕድ ብቻ የተወጋ ቡድን፣ መድኃኒት የሚፈተሽ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈንገስ መድኃኒቱን ብቻ የወሰደ ቡድን ያስፈልጋሉ። በሙቀት የሞተ ፈንገስ የተወጋ ቡድን ቢጨመር መልካም ነው። የጨው ውሕዱን ብቻ የወሰዱት መሞት ከጀመሩ የዚያን ቀን ሙከራ መጣል እንጂ ቁጥሩን ቀናንሶ ማስታረቅ አይገባም። በየቡድኑ ቢያንስ 10 ትሎች ይኑሩ፤ ሙከራውም በተለያየ ጊዜ በእርባታ ከተገኙ ትሎች ጋር ሦስት ጊዜ ይደገም።

የሚወጋው ፈንገስ መጠን አለካክ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ለካንዲዳ አልቢካንስ በ10 ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ100,000 እስከ 1,000,000 ሕዋስ የተለመደ ነው፤ ሕዋሱ ታጥቦ በማይክሮስኮፕ መቁጠሪያ ይቆጠራል፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ደግሞ ሳህን ላይ ዘርቶ ማረጋገጥ ያሻል። ሁሉንም በአንድ ሌሊት የሚፈጅ መጠን በሁለት የፈንገስ ዝርያዎች መካከል ያለውን ልዩነት ይሸፍናል።

ሞትን በዓይን ግምት መወሰንም ያሳስታል። ትሉ መጥቆሩ ሜላኒን የተባለው ጥቁር ቀለም የመመረቱ ምልክት ነው፤ ጠቁሮም በሕይወት ሊኖር ይችላል። ወደ ፑፓ፣ ማለትም በእጭና በእሳት ራት መካከል ወዳለው ደረጃ፣ ሊለወጥ ራሱን በድር የጠቀለለው ደግሞ ሳይሞት ጸጥ ይላል። መለያው ሲነካ አለመንቀሳቀሱ እንዲሆን አስቀድሞ ይወሰን፤ የሚቆጥረውም ሰው የትኛው ሳህን የትኛው ቡድን እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል።

ትሉን የማይችለውን ጥያቄ መጠየቅ ግን ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል፤ ሌላው ስህተት በድግግሞሽ ይታረማል፣ ይኸኛው ከመነሻው የተሳሳተ ነው። በሕፃናት ራስ ላይ የሚወጣውን ቆረቆር የሚያስከትሉት ፈንገሶች የሚመገቡት የፀጉርና የቆዳ መሥሪያ የሆነውን ኬራቲንን ነው፤ የትሉ ቆዳ ደግሞ ከኪቲን የተሠራ ስለሆነ እነዚህን ፈንገሶች ደሙ ውስጥ መርጨት ስለ ራስ ቆዳ ሕመም የሚነግረን እምብዛም ነው። ትሉ ፀረ እንግዳ አካል አይሠራም፣ ሳንባም የለውም፤ ስለዚህ ስለ ክትባት ትውስታም ሆነ ስለ ሳንባ ሕመም ምስክር አይሆንም። ነፍሳት የሚበረቱት በተፈጥሯዊው የመከላከል ሥርዓት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጁልስ ሆፍማን ቡድን ቶል የተባለው ዘረመል የተበላሸበት የፍራፍሬ ዝንብ በአስፐርጊለስ ፉሚጋተስ እንደሚረታ አሳይቶ ነበር፤ ይህ ሥራ በ2011 የኖቤል ሽልማት ያስገኘ ሲሆን የሰውንም የመከላከል ሥርዓት ለመረዳት በር ከፍቷል። ትሉ ላይ የሠራ መድኃኒትም በአጥቢ እንስሳ ሳይረጋገጥ «ለሰው ይሆናል» ተብሎ መጻፍ የለበትም።

በመጨረሻ፣ ለነፍሳት ፈቃድ አይጠየቅም ብሎ ነገሩን ሁሉ መተው አያዋጣም፤ ፈንገሱ ከሕመምተኛ ናሙና የተገኘ ከሆነ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሞቱትም ሆኑ የተረፉት ትሎች ከነሳህናቸው በአውቶክሌቭ ይቀቀሉ፤ ለግቢው ዶሮ መጣል የተከለከለ መሆኑም ለጽዳት ሠራተኞች ጭምር አስቀድሞ ይነገር።