ትሪፍት ስቶር (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ) ውስጥ የዩራኒየም ብርጭቆ እንዴት ትለያላችሁ?

የዩራኒየም ብርጭቆ ሲሠራ ዩራኒየም የተቀላቀለበት፣ በዩቪ (በዓይን በማይታየው አልትራቫዮሌት ብርሃን) ሲያበሩበት አረንጓዴ የሚፈካ ብርጭቆ ነው። መጀመሪያ ባትሪው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የዩቪ የእጅ ባትሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የብርሃናቸው የሞገድ ርዝመት 395 ናኖሜትር የሆነ እና 365 ናኖሜትር የሆነ። 395ቱ ርካሽ ነው፣ ዩራኒየም ለመፈለግ ብቻ ከሆነም ይበቃል። ክፋቱ ራሱ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚረጭ ደከም ያለ ፍካትን ይውጣል። እኔ የምይዘው ፊቱ ላይ ጥቁር ማጣሪያ ያለውን 365 ነው። ወደድ ይላል፣ ግን የሚያሳያችሁ ዕቃውን ነው። ዓይን ውስጥ ግን አታብሩት፤ የራሳችሁም ይሁን የሰው። ዩቪ የሚከላከል መነጽር ካላችሁ ደግሞ አድርጉት።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለዚህ ዕቃ የታደልን ነን። የድሮዎቹ የብርጭቆ ፋብሪካዎች የነበሩበት ኦሃዮ፣ ፔንስልቬንያና ዌስት ቨርጂኒያ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናቸው። አንዲት አሮጊት ቤታቸውን ለቀው ኢስቴት ሴል (የቤት ዕቃ ሽያጭ) ሲወጣ፣ ቡፌው ውስጥ አንድ አረንጓዴ ሳህን አይጠፋም።

ባትሪውን ከማብራታችሁ በፊት ዕቃውን አንሱና በእጃችሁ ዳብሱት። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የተሠራው አረንጓዴና ሮዝ ብርጭቆ ርካሽ ዕቃ ነበር። አጃ ካርቶን ውስጥ ተከቶ፣ ሲኒማ ቤት ለመጣ ሰው ተሰጥቶ፣ እንዲሁ በነጻ ይታደል ነበር። በብረት ቅርጽ ውስጥ በማሽን እየተጨመቀ ስለተሠራ እንከን አያጣም። ጎኑ ላይ ስፌት የመሰለ መስመር ታገኛላችሁ፤ ውስጡ የአየር አረፋ ሊኖር ይችላል። ገልብጡና ቂጡን እዩት። ዕድሜ ልኩን ጠረጴዛ ላይ የተጎተተ ሳህን ጭረቱ ወደየአቅጣጫው ነው። ጭረቱ ሁሉ ባንድ አቅጣጫ ከተሰለፈ አንድ ሰው በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ማኅተምም ፈልጉ። ከትልቋ ኤች (H) ሥር ትንሽ ኤ (A) ካለች የሄዝል አትላስ ፋብሪካ ነው። መልሕቅ ካለበት የአንከር ሆኪንግ ፋብሪካ። ፌንተን የሚል የፋብሪካ ስም በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ከተጻፈ ደግሞ ዕቃው ከ1970 ወዲህ የወጣ ነው፤ ሻጩ "የአያቴ እናት ናት የገዛችው" ቢላችሁም አትሸወዱ። ብዙ ዕቃ ግን ምንም ማኅተም የለውም፣ ለዚህ ተስፋ አትቁረጡ።

አሁን አብሩ። ሱቅ ውስጥ ጨለማ ስለማይገኝ እኔ ዕቃውን ጋሪው ውስጥ አስቀምጬ ጃኬቴን አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ ባትሪውን በጃኬቱ ሥር አስገባለሁ። ዩራኒየም ካለበት አትጠራጠሩም። የትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ የመኪና መብራት ሲያርፍበት እንደሚያበራው፣ ዕቃው እንዳለ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ይላል። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ካያችሁ ግን ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ሊሆን ይችላል። የድሮ ፋብሪካዎች ብርጭቆው ጥርት ያለ ነጭ እንዲሆን ይጨምሩት ነበር፤ እንዲህ ዓይነቱ ብርጭቆ ፀሐይ ላይ ብዙ ከቆየ ወይን ጠጅ ቀለም ያመጣል። ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ፍካት ብዙ ጊዜ ካድሚየም የሚባለው ሌላ ብረት ነው። ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ካያችሁ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ወይም የጨርቅ ብናኝ ነው፣ ጥረጉት። ስብራት ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ቢያበራ ደግሞ ዕቃው በማጣበቂያ ተጠግኗል ማለት ነው። ይቺ ብቻዋን የባትሪውን ዋጋ ትመልሳለች።

ብዙ ሰው ፍካቱን ከጨረር ጋር ያምታታል። የሚያበራው ጨረር ስለሚያወጣ አይደለም። ብርጭቆው ውስጥ ያለው የዩራኒየም ውህድ የማይታየውን ዩቪ ተቀብሎ በሚታይ አረንጓዴ መልሶ ስለሚለቀው ነው። ባትሪው ሲጠፋ ፍካቱም ይጠፋል። ጨረሩን መለካት የፈለገ ጋይገር ቆጣሪ ይግዛ።

ቡፌዬ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጄዳይት የሚባሉ የብርጭቆ ሲኒዎች አሉ። ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ያው አንድ ዓይነት ደብዛዛ አረንጓዴ ናቸው፤ እንግዳ ቢያያቸው ከአንድ ስብስብ የወጡ ይመስለዋል። ባትሪ ሳበራ ጃኔት የሚባለው ፋብሪካ የሠራው ቦግ ይላል። አንከር ሆኪንግ ፋየር ኪንግ በሚል ስም የሠራው ግን ዝም ይላል። ማኪ የተባለው ፋብሪካ ጄዳይትም እንደ ጃኔቱ ያበራል፣ ፋየር ኪንግ ግን አብዛኛው አያበራም። እና ስላላበራ ፎርጂድ ነው አትበሉ። በገበያው ላይ እንዲያውም ፋየር ኪንግን እያሳደደ የሚገዛ ሞልቷል።

ዕድሜን በተመለከተ ባትሪው ምስክር አይሆንም። ቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ውስጥ ዮዜፍ ሪደል የተባለ ብርጭቆ ሠሪ ይህን ብርጭቆ በ1830ዎቹ ሠርቶ በሚስቱ በአና ስም ጠርቶታል። ከዚያው አገር የወጣ የዩራኒየም ጨሌ ወደ አፍሪካም ይላክ ነበር፤ የእናታችሁን ሣጥን ስትከፍቱ ባትሪውን ያዙ። አሜሪካ ውስጥ ከ1943 እስከ 1958 መንግሥት ዩራኒየሙን ለራሱ ስለያዘው የብርጭቆ ሥራው ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀጠለ። ኦሃዮ፣ ካምብሪጅ ያለው ሞሰር የሚባል ፋብሪካ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ "ያበራል፣ ስለዚህ መቶ ዓመቱ ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ ዋጋ ተከራከሩ።

ቤት ካስገባችሁት በኋላ ቡፌ ላይ ቢቀመጥ የሚወጣው ጨረር በጣም ትንሽ ነው፣ አያስፈራም። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ጠጅ ግን አታሳድሩበት፤ አሲድ ያለው ነገር ዩራኒየሙን ትንሽ ትንሽ ያወጣዋል። መብራት ልሥራበት ብላችሁም አትብሱት፣ ብናኙ ሳንባ ይገባል። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ደግሞ በፍጹም አታስገቡት፤ ነጭ ጭጋግ ይይዘውና አይለቅም።