ከርሞ የቆመ ጄኔሬተር አልነሳ ሲል

አብዛኛውን ጊዜ እኔ የምጠራው መብራት ከጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ከደረጃ ሥር ከወጣና ገመዱን ሲጎትቱ የቆዩት ሰዎች ክንዳቸው ከዛለ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤንዚን መኖሩን፣ ማብሪያው መዞሩንና የነዳጁ ቧንቧ መከፈቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። የማወራው በየቤቱና በየሱቁ ስላለው፣ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ስለሚሰጠው የቤንዚን ጄኔሬተር ነው፤ ሞተሩ የሆንዳ ጂኤክስ160 ወይም በእሱ አምሳል የተሠራው የቻይናው 168ኤፍ ነው። ብዙ የመስኖ ውኃ መሳቢያ ፓምፖችም የሚሠሩት በዚሁ ሞተር ስለሆነ የምለው ለእነሱም ይሆናል።

ምልክት፦ ገመዱ ሲጎተት ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ሲፈታ ደረቅ ነው።

መንስኤው ካርቡሬተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው) ውስጥ የደረቀ ቤንዚን ነው። ለዓመታት ደጋግሜ የጠገንኩት ብልሽት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተደምሮ አይደርስበትም። ቤንዚን ከወር በላይ ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና ከታች እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ይቀራል። ነዳጁ ተለክቶ የሚያልፍበት የጂግለር (የትንሿ ብስ ብሎን) ቀዳዳ ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ነዳጅ የሚሰጠው የሚኒሞው ጂግለርማ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። እዚያ ላይ አንዲት ጠብታ ሙጫ ከደረቀች በቃ። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሆነ የባሰ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር ድርሻው 5 በመቶ ነበር፣ በኋላ ወደ 10 ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል እርጥበት ይስባል፤ ውኃው ከታች ይጠራቀምና የካርቡሬተሩን ሳህን ያዝገዋል።

ሳትፈቱ በፊት ይህን አድርጉ። ካርቡሬተሩ ሥር ካለው ሳህን ጎን ማፍሰሻ ብሎን አለ። ከሥሩ የመስታወት ብርጭቆ ይዛችሁ፣ የነዳጁን ቧንቧ ከፍታችሁ ብሎኑን አላሉት። ምንም ካልወረደ ካርቡሬተሩን ገና አትንኩ፤ ብዙውን ጊዜ የተዘጋው ከላይ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለውን ወንፊትና ከቧንቧው ሥር ያለችውን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ኩባያ ፈትታችሁ እጠቡ። ወርዶ ቢጫ ከሆነና እንደ ቀለም ከሸተተ አሮጌ ነው። ብርጭቆው ሥር እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካያችሁ ውኃ ነው፤ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ አራግፉት።

አንድ ፀጉር አስተካካይ ጎረቤቴ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ጠርቶኛል። በሦስተኛው ቤንዚኑን ከየት እንደሚያመጣ ጠየቅሁት፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጡት ነበር። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አደረግሁለት። ጥሩ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል። የእሱ ግን ሻይ ጠጥተን ስንመለስም ወረቀቱ ላይ የቅባት ክብ ይዞ ነበር፤ ላምባ ተቀላቅሎበታል። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ጄኔሬተራችሁ ውስጥ አታስገቡ። ቤት ውስጥም በሃይላንድ አታስቀምጡ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

አሁን አፈታቱ። ቧንቧውን ዝጉ። የአየር ፊልትሮውን ሳጥን አውጡ፤ ካርቡሬተሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በ10 ቁልፍ ፍቱ። ከመሳባችሁ በፊት የሞላዎቹንና የዘንጎቹን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በዘንጉ ላይ ያለችው ፀጉር የምታህል ሞላ ተስባ ከተበላሸች ወይም ከጠፋች ሞተሩ ፍጥነቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ እሷን ፍለጋ ደግሞ የመለዋወጫ ሰፈሩን ሶማሌ ተራን ስትዞሩ ትውላላችሁ። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሐል ያሉት ጋስኬቶችም (ማሸጊያዎች) በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጡ ያዙ።

ሳህኑን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ፍቱ። የተንሳፋፊውን (ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፈውን) ስፒል ስትስቡ ነዳጁን የምታቆመው ትንሿ መርፌ አብራ ትወድቃለች፤ ጨርቁ ለእሷ ነው። መሐል ላይ ያለውን የናስ ጂግለር ልኩ በሆነ ካቻቢቴ አውጡ። ጠባብ ካቻቢቴ ይንሸራተትና የናሱን አፍ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው የለም። ካርቡሬተሩን ስትገለብጡት ከጂግለሩ በላይ ያለችው ጎኗ የተበሳሳ ቱቦ ትወርዳለች፤ እሷንም እጠቡ።

ቀጥሎ ያለውን ነው ሁሉም የሚረሳው። ከላይ፣ ሚኒሞ ከሚስተካከልበት ብሎን ሥር፣ ጥቁር የፕላስቲክ ራስ ያላት የሚኒሞ ጂግለር አለች። ብሎኑን አውጥታችሁ በቀስታ ንቀሏት፤ ወደ ብርሃን አቅኑና ተመልከቱባት። ጥርት ያለች ክብ ብርሃን ካልታየች ተዘግታለች። ሁሉንም በካርቡሬተር ማጽጃ ወይም በአዲስ ቤንዚን ዘፍዝፉ፤ ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር አስነፉ። ስትነፉ ዓይናችሁን ሸፍኑ፤ ሽቅብ ይረጫል።

ጂግለሩ ቀዳዳ ውስጥ የልብስ መርፌ አታስገቡ! የመብራት ሽቦ ልጡና ከውስጡ አንዲት ክር መዳብ ምዘዙ፤ በእሷ ጥረጉ። አንዲት እናት የሰርግ ድንኳን እያከራዩ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ልጃቸው ጂግለሩን በልብስ መርፌ ቆፍሮት ኖሮ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳና ሰርጉ መሐል ጥቁር ጭስ እየተፋ ጠፋ። ሌሊት ደውለው ሄድኩ። ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሷል፣ የጂግለሩ ቀዳዳ በዓይን የሚታይ ያህል ሰፍቷል። ከሌላ ማሽን ጂግለር ነቅዬ ነው ሰርጉን ያስጨረስኩት።

አዲስ ካርቡሬተር ገዝቶ መገላገልን የሚመርጡ አሉ። መርካቶ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት በሁለተኛው ቀን ቤንዚኑን ማቆም አቅቶት ወደ ሞተሩ ዘይት አስገባው። መርፌዋ ጫፏ ላይ ጎማ አልነበራትም፤ ውስጡም የብረት ብናኝ ሳይወጣ ነበር የታሸገው። እንዲህ ያለ ዕቃ ለሰው መሸጥ ያሳዝናል። ከገዛችሁ አዲስ ነው ብላችሁ አትግጠሙ፤ ፍቱና እጠቡ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን ሳታስነሱ ቀይሩ፤ 0.6 ሊትር ይይዛል።

ምልክት፦ ይነሳል፣ ግን ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቾኩን (አየሩን የሚያጠበውን) ስትስቡበት ይረጋጋል። ያችው የሚኒሞ ጂግለር ናት፤ ወይም ጋስኬቱ አየር ያስገባል። እዚህ ጋ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ሞላ የሚያጠብቁ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አትንኩት! ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር የሚዞረው 50 ኸርዝ (የመብራቱን ድግግሞሽ) እንዲሰጥ ነው። ዙሩን ስትጨምሩበት ኸርዙ፣ ብዙ ጊዜም ቮልቱ፣ ከልክ ያልፋል። በዚህ መንገድ የተቃጠለ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ የቴሌቪዥኑ ባለቤት ጡረተኛ ነበሩ።

ምልክት፦ ጭነት ሲገባበት ያቃስታል፣ ይጨሳል፣ ይጠፋል። የአየር ፊልትሮውን እዩ። ንጹሕ ከሆነ ስሌቱን አስቡ። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ሞተሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ነው። ላዩ ላይ 2.5 ኪሎ ዋት የተጻፈበት እዚህ 1.8 ቢሰጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ምጣድ አይሰካበትም፣ ምድጃም አይሰካበትም።

ምልክት፦ ሩብ ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል። የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ተዘግቷል። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ከሠራ እሱ ነው።

ምልክት፦ ካንዴላው እርጥብ ነው፣ እሳት አይሰጥም። መጀመሪያ ዘይት ጨምሩ፤ ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አለው። ከዚያ ካንዴላውን ቀይሩ፣ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዋጋው ከሌላው በግማሽ የወረደ ካንዴላ አትግዙ፤ ሳምንት አይቆይም።

ስትሞክሩት ውጭ አውጡት። በረንዳ ውጭ አይደለም፣ በሩ የተከፈተ ጋራዥም ውጭ አይደለም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ሞተሩ ሳይበርድ ቤንዚን አትጨምሩ። ሁለት ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ የቤቱን ሶኬት ከጄኔሬተር ጋር የምታገናኙ፣ ዛሬውኑ ያንን ገመድ ቁረጡት። መብራቱ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ፤ ከእናንተ ቤት የወጣው ኃይል በትራንስፎርመሩ ከፍ ብሎ ይደርሰዋል።

የተነሳውን ጄኔሬተር ስትመልሱት ቧንቧውን ዝጉና ራሱ እስኪጠፋ አስሠሩት፤ የቀረችውን በማፍሰሻው ብሎን አውጡ። በወር አንድ ጊዜ አስነሱና አምፖል ሰክታችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገመዱ እጃችሁን መንጭቆ የሚመልስ ከሆነ ፍላይዊሉን (ከገመዱ ጀርባ የሚሽከረከረውን ከባድ ጎማ) ከዘንጉ ጋር የሚያስይዘው ትንሽ ብረት፣ ቁልፉ፣ ተቆርጦ እሳቱ ሰዓቱን ስቷል። ፍላይዊሉን በመዶሻ አትምቱ፤ መንቀያ ላለው ባለሙያ ውሰዱት።