የከርነል ፓች ስንሞክር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፓችን፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያን፣ «እኔ ላፕቶፕ ላይ ሠርቷል» ብሎ መላክ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ማን እንደሆነና ምን እንደሚችል ይጠይቃል፣ በመልሱ መሠረትም መንገዱን ይመርጣል። አንድ ማሽን ላይ ብቻ ከሞከርክ አንዱን መንገድ ብቻ ነው ያየኸው። እ.ኤ.አ. ጥር 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር ለተባሉት የፕሮሰሰር የደህንነት ክፍተቶች የወጣው የዊንዶውስ ፓች አንዳንድ አሮጌ የኤኤምዲ ኮምፒውተሮችን ጭራሽ እንዳይነሱ አደረጋቸው፤ ማይክሮሶፍትም ለእነሱ መላኩን ለጊዜው አቆመ። ሜልትዳውን እኮ የኤኤምዲን ፕሮሰሰሮች አይነካም ነበር።

ፍጥነትን አዲስ ማሽን ላይ ብቻ መለካት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጉዳቱ ቶሎ አይታይማ። ሊኑክስ ሜልትዳውንን የተከላከለው የከርነሉን ሜሞሪ ከተጠቃሚው ፕሮግራም በመለየት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከርነሉን በጠራ ቁጥር የሜሞሪ ካርታው ይቀየራል። ፒሲአይዲ (የየትኛው ካርታ አድራሻ እንደሆነ በቁጥር የመለየት ብቃት) ያለው ፕሮሰሰር ቀድሞ ያገኛቸውን አድራሻዎች ቲኤልቢ (የፕሮሰሰሩ የአድራሻ ማስታወሻ) ውስጥ እንደያዘ ይቀጥላል፤ የሌለው ግን በእያንዳንዱ ቅያሬ ጠርጎ እንደገና ይፈልጋል። ዲስክና ኔትወርክ የሚያበዛ ዳታቤዝ አዲሱ ላይ ምንም ሳይመስል አሮጌው ላይ ሊንቀራፈፍ የሚችለው ለዚህ ነው። ስሌት ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ከለካህ ደግሞ ልዩነቱን አታየውም። አሮጌ ማሽን ላይ ዛሬም እንጀራውን የሚበላ ብዙ ሰው አለ፣ እሱን አስበው።

ማይክሮኮዱን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚሠራውን የቺፑን የራሱን ኮድ፣ መርሳት። በዚያው በጥር 2018 የወጣው የኢንቴል ማይክሮኮድ ሃስዌልና ብሮድዌል የተባሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ያሏቸውን ማሽኖች በራሳቸው ጊዜ ሪስታርት ያደርጋቸው ነበር። ጥፋቱ የፓችህ ይሁን የማይክሮኮዱ ለመለየት የማይክሮኮዱን ቁጥር ከውጤቱ ጋር ጻፍ።

ቨርቹዋል ማሽንን ብቻ ማመን። ኪውኢሙ (ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥር ፕሮግራም) የአሮጌ ፕሮሰሰር ስምና ብቃት ያሳይሃል፣ የቺፑን የራሱን ችግር ግን አይሰጥህም። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ጥሩ ነው።

የድሮው መከላከያ ተፈትሾ አልቋል ማለት። ሬትፖሊን ለስፔክተር የተሠራ መከላከያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ሬትብሊድ የተባለ ጥቃት መጣና በኢንቴል ስካይሌክና በመጀመሪያዎቹ የኤኤምዲ ዜን ፕሮሰሰሮች ላይ እንደማይበቃ አሳየ።

ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ዓይነት) ላይ ስለሠራ አርም (ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት) ላይም ይሠራል ማለት። ኤክስ86 አንዱ ኮር የጻፈውን ሌሎቹ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ያዩታል፣ አርም ግን ሊያዛባው ይችላል። የተረሳ የሜሞሪ ባሪየር (ቅደም ተከተሉን የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) ኤክስ86 ላይ ዓመታት ተደብቆ አርም ላይ ብቅ ይላል፣ ያውም አንዳንዴ ብቻ። ራስፕቤሪ ፓይ 4 (አርም ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) ካለህ አራቱንም ኮር አስጨንቀህ ሌሊቱን ሙሉ አስኪደው፣ ጠዋት ሎጉን እየው።